ባዶ መሬት

በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ኮሮናም ጦርነቱም ከመምጣታቸው በፊት፣ ለአንድ የቀድሞ ባልደረባዬ እናት ተዝካር ወደ መሐል ሜዳ ሄጄ ነበር። መኪናዋ የአንድ የጥንት ተማሪዬ ናት። ልጁ (ልጅ የምለው በኔ ዕድሜ አይቼው ነው እንጂ አርባን አልፏል) ሥነ ጽሑፍ ከኔ ተምሮ፣ ኋላ ግን ከሥነ ጽሑፍ የተሻለ እንጀራ አግኝቶ፣ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ኃላፊ ሆኗል። ጣርማበር ላይ ወደ ግራ ታጥፈን መዘዞን ካለፍን በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣና ድንገት ሜዳ ላይ ይጥላችኋል። ዓይን እስኪታክተው ድረስ ሣር ነው። ጭጋጉ ይመጣል፣ ይሄዳል። እዚህም እዚያም ጅብራ ቆሟል። ቤት የለም፣ አጥር የለም፣ የታረሰ ነገር የለም።

ተማሪዬ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላኛው ጠቆመኝ፤ «ይታይዎታል መምህር? ይሄ ሁሉ ባዶ መሬት! ሰዉ መሬት አጣሁ ብሎ ይሰደዳል፤ እዚህ ደግሞ ለቀበሮ ተትቷል።»

እውነቱን ልናገር፤ እኔም በልቤ «እውነትህን ነው» ብዬ ነበር። የመለሱለት ከኋላ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ጣርማበር ላይ «እስከ መሐል ሜዳ ብታደርሱኝ» ብለው የተሳፈሩ፣ በጋቢ የተጠቀለሉ አዛውንት። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር።

«ባዶ ነው አልክ ልጄ?» አሉት። «አባቴ ቤቱን የከደነው በዚህ ነው። እኔም የከደንኩት በዚህ ነው። በሬዬን የምጠምድበት ገመድ ከዚህ ነው። ስሞትም ሬሳዬን የሚያስሩበት ከዚሁ ነው። ባዶስ ቢሆን ይሄን ያህል ዘመን ማን ይጠብቀው ነበር?»

መኪናው ውስጥ ዝምታ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስለ ተዝካሩ ማውራት ጀመርን፤ እኛ የተማርን ሰዎች ስንረታ ርዕስ መቀየር እናውቅበታለን። ነገሩ ግን ከኔ ጋር ቀረ። እስከ ዛሬም አለ።

ብዙ ዓመት ስለ ቃላት ጉልበት ሳስተምር ኖሬያለሁ። ደራሲ አንድ ቃል ሲመርጥ ዓለሙን ሁሉ እንደሚመርጥ፣ የተሳሳተ ቃል ጥሩ ታሪክ እንደሚገድል ለፍልፌያለሁ። የተሳሳተ ቃል ሜዳ ሊገድል እንደሚችል ግን አስቤ አላውቅም ነበር። «ባዶ መሬት» እንዲህ ያለ ቃል ነው። አንድን ቦታ ባዶ ያልነው ቀን ግማሹን ሥራ ጨርሰናል። ባዶ ነገር መሞላት አለበትና! የቀረውን ማረሻውና ዶዘሩ ይጨርሱታል።

እስቲ ይህን «ባዶ» መሬት እንቁጠረው።

ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ቦታው በሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውርጭ አገር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን ይሆናል፤ ይፈተልና ገመድ ይሆናል፤ በድርቅ ዘመን የከብት ነፍስ ያተርፋል። ሥሩ ደግሞ ክረምት የጣለውን ውኃ እንደ ሰፍነግ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። ከዚያ ከፍታ የሚወርደው ውኃ በአንድ ወገን በጀማ በኩል ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወገን ወደ አዋሽ ይሄዳል። ማለትም እታች ያለው ገበሬ መስኖ ሲያጠጣ፣ ላዩ ላይ ያለውን «ባዶ» መሬት እየጠጣ ነው።

ከሣሩ ሥር የአይጥና የፍልፈል ከተማ አለ። አይጦቹን የሚበላው ቀይ ቀበሮ ነው። ከዓለም ሁሉ በኢትዮጵያ ብቻ ያለ እንስሳ ነው። ከሰሜን ተራሮች እስከ ባሌ፣ በማይገናኙ ተራሮች አናት ላይ ተበታትኖ ይኖራል፤ ከመካከላቸው አንዱ ይኸው ጓሳ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎችም በመቶዎች እየሆኑ ሣር ሲነጩ ይውላሉ። የሚገርመው ቀይ ቀበሮው በጭላዳዎቹ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል፤ እነሱም አይሸሹትም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ እዚያው ጓሳ ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው በጭላዳ መንጋ ውስጥ ሆኖ ሲያድን ከመቶው ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ። ሁለት የተለያዩ ፍጥረታት ተቻችለው፣ እንዲያውም ተጠቃቅመው የሚኖሩበት አገር ነው ባዶ የምንለው። (እኛ ስንት ጉባኤ ጠርተን ያልተሳካልንን ነገር እኮ ነው!)

ታዲያ ባዶ ያልሆነው መሬት ሳይታረስ ለምን ቆየ? ገበሬው ስላላየው ነው? መንዜ መሬት አያይም የሚል ሰው መንዝን አያውቅም። ያልታረሰው ሕግ ስለነበረው ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይሠራበት ነበር የሚባለው ሥርዓት ቄሮ ይባላል። (ስሙ ከቅርብ ዓመታቱ የወጣቶች እንቅስቃሴ ጋር ቢገጥምም ዝምድና የላቸውም።) የአካባቢው ታሪክ ሥርዓቱን አስቦና ጌራ ከተባሉ የመንዝ አቅኚ አባቶች ያያይዘዋል። የሁለቱ ዘር ነን የሚሉ ሁሉ የጋራ ባለመብቶች ነበሩ። አለቃ ይመርጣሉ፤ ሜዳው እንደ ሁኔታው ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይታወጃል፤ ታጭዶና ተግጦ ክረምት ሲመጣ ይዘጋል። በዝግ ጊዜ የገባ ይቀጣል፣ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። ዶክተር ዘላለም ተፈራ የተባሉት የዱር እንስሳት ተመራማሪ ይህን ሥርዓት አጥንተው ለዓለም ባያሳውቁ ኖሮ፣ እኛ የአዲስ አበባ ምሁራን ዛሬም «ገበሬው የአካባቢ ጥበቃ ግንዛቤ ይጎድለዋል» እያልን ወርክሾፕ ላይ ሻይ እንጠጣ ነበር። ለነገሩ አሁንም እንጠጣለን።

ቄሮ ገነት ነበር እያልኩ አይደለም። ዘር ያልቆጠረው አይገባበትም ነበር። ጭሰኛው፣ መጤው፣ ባለ እጁ ዳር ቆሞ ነው የሚያየው። ባለ ርስት ብቻ የሚጠቀምበት ሕግ ፍትሐዊ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ነገር ሲያፈርስ ብዙ ሰው እልል ቢል አይፈረድበትም።

ችግሩ ከሕንፃው ጋር መሠረቱም አብሮ መናዱ ላይ ነው። አዋጁ «መሬት የሕዝብ ነው» አለ፤ ጥሩ። ግን ጓሳን መቼ እንዝጋው፣ መቼ እንክፈተው፣ ማን ይጠብቀው የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ አልነበረም። የሁሉም የሆነው ሜዳ የማንም ሆነ። ባለቤት የሌለው ሣር ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ለማወቅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ወጣ፣ ማረሻም ከጠርዝ ከጠርዙ ገባ። ጓሳን ያተረፉት እነዚያው ገበሬዎች ናቸው። የቄሮን ሕግ አቧራውን አራግፈው፣ አሁን ዘር ሳይቆጥሩ፣ አንዴ እድር አንዴ ኮሚቴ እያሉ መልሰው አቆሙት። የመንግሥት ሕጋዊ እውቅና የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ከአዋጁ በፊትም በኋላም ሜዳውን የጠበቀው «ግንዛቤ የጎደለው» ሰው ነው ማለት ነው።

አሁን ተማሪዬ ወዳነሳው ጥያቄ ልመለስ፤ ጥያቄው ቀልድ አይደለምና። የመንዝ ወጣት መሬት የለውም። እናትና አባቱ ያላቸው መሬት ለራሳቸውም አልበቃቸው። ልጁ አዲስ አበባ ወርዶ ጫማ ይጠርጋል፣ ቀን ሥራ ይሠራል፣ ሲብስ ባሕር ያቋርጣል። «ለቀበሮ ብለህ ሰው ታስርባለህ ወይ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው «አዎ» ብዬ የምመልስበት አፍ የለኝም። የተራበን ሰው በቀበሮ ፎቶግራፍ ማባበል ነውር ነው።

እስቲ ግን እናስላው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት 10,000 ሄክታር ነው። ነገ ጠዋት ጓሳን ለአሥር ሺህ ወጣቶች እናከፋፍለው፤ አንድ አንድ ሄክታር፣ አራት ጥማድ ግድም ይደርሳቸዋል። ገብስ ይዘራሉ። በዚያ ከፍታ ገብሱን ውርጭ ካልመታው አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ምናልባት ሦስት ዓመት ያመርታሉ። ሥር የሚይዘው ያጣው ጥቁር አፈር ከዚያ በኋላ ከክረምቱ ጎርፍ ጋር ተያይዞ ይወርዳል። ያን ጊዜ ገብስም የለም፣ የቤት ክዳንም የለም፣ የበጋ ውኃም የለም፤ ወጣቱም ስደቱን አልተወም። ልጆቹ ሲያድጉ የሚከፋፈሉት ሌላ ጓሳ ደግሞ የለም። አንድ ትውልድ ለሦስት ዓመት ይጠግባል፤ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይከፍላል። ይህ የሰው ወገንተኝነት ከሆነ፣ ቀበሮው ለሰው የሚያስብ እንስሳ ነው ማለት ይሻላል።

ይህ ደግሞ ትንቢት አይደለም፤ የሆነ ነገር ነው። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት በኢትዮጵያ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶ ያህሉ ታርሷል። ከጮቄ ተራራ ቀይ ቀበሮ ጠፍቷል። እዚያው ሸዋ ውስጥ ካለው ከጎሽ ሜዳም ጠፍቷል። የነዚያ ተራሮች ገበሬዎች ታዲያ ቀበሮው ስለጠፋ ሀብታም ሆኑ? ልጆቻቸው ስደት አቆሙ? ቀበሮ ከጠፋ ሰው ይጠግባል የሚል ሁሉ አንድ የጠገበ ተራራ ያሳየኝ።

ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው፤ ጓሳ ያሉት ጥቂት አሥሮች ናቸው። ከ500 የማይበልጡ! እኔ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ያስተማርኳቸው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከዚህ ይበዙ ነበር። የሚገድላቸው ደግሞ ማረሻ ብቻ አይደለም፤ የኛው ውሻ ነው። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ፈጅቷቸዋል። በ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛው እጅ አልቋል። እረኛው በጉን ለማስጠበቅ ውሻ ይዞ ይወጣል፤ ውሻው አልተከተበም፤ በሽታው ከውሻ ወደ ቀበሮ ይሻገራል። ያው ውሻ የእረኛውንም ልጅ ይነክሳል። ውሻ መከተብ ለቀበሮ ተብሎ የሚወጣ የቅንጦት ወጪ የሚመስለው ሰው፣ በእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ልጅ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ባሌ ላይ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው ክትባት በሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይሰጣቸዋል። ሥራው ጥሩ ነው። ግን ለቀበሮው ክትባት ተራራ ድረስ ሲወጣ፣ ለመንደሩ ውሻና ለመንደሩ ልጅ በወረዳው ጤና ጣቢያ ካልተገኘ፣ ገበሬው «ከኔ ቀበሮው ይበልጥባቸዋል» ቢል ምን ብለን እንመልስለት?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎችም በዚህ እንስሳ ላይ እጃችን አለበት። በተረቱ ሁሉ ቀበሮ አታላይ ነው። አስመሳዩን ሰው «ቀበሮ ባሕታዊ» እንለዋለን። እኔም ክፍል ገብቼ የቀበሮን ተንኮል እንደ ሰው ጠባይ ምሳሌ ስተነትን ስንት ሰሌዳ ሞልቻለሁ፤ አንድም ቀን ግን «ይህ እንስሳ በእውነት አለ፤ አገሩም እዚህ ነው፤ የሚበላውም አይጥ ነው» ብዬ አላውቅም። አልፎ አልፎ ግልገል በግ አይነካም አይባልም፤ ቀለቡ ግን ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ነው፤ የገበሬው ወገን ነው ማለት ይቻላል። ቀበሮም መሆኑ ያጠራጥራል። የዘር ምርመራ እንዳሳየው ለተኩላ ነው የሚቀርበው። የኦሮሞ እረኞች «ጄደላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ፣ ይሉታል፤ የእንግዴ ልጁን ለመብላት የምትወልድ ባዝራን ስለሚከተል ነው ይባላል። አብሮት የኖረ ሰው ያወጣለት ስም ነው። የኛ ስም ግን ከተረት የተገለበጠ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የፓርክ አጥር እንጠር ማለት ነው? ሰሜን ተራሮች ላይ የሆነውን እናውቃለን። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ወጣ። ከመውጣቱ በፊት በ2016 የጊጭ መንደር ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ሣሩ እፎይ ሳይል አይቀርም። አራሽ የነበረ ሰው ግን ከተማ ዳር ቤት ስለተሠራለት ብቻ ከተሜ አይሆንም። በየተራራው ይህን እንድገመው የሚል ካለ ሁለት ነገር ይመልስልኝ፤ የተነሣው ሰው በምን ይኖራል? የተነሣበትን ሜዳስ ሌሊት ማን ይጠብቃል? ደሞዝ የሚቀበል ዘበኛ አንድ ነው፤ ሣሩ የኔ ነው የሚል ገበሬ ግን ሺህ ነው። መንዝ ለአራት መቶ ዓመት ያሳየን ይኸው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ የጓሳ ሕግ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በተግባር ይከበር፤ መንገድ ሲቀየስ፣ መሬት ለኢንቨስትመንት ሲታጭ፣ ወረዳ ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ካርታ ሲሰመር ሣሩን የሚጠብቀው ሰው አስቀድሞ ይጠየቅ፤ እምቢ ካለም እምቢታው ይከበር። ሁለተኛ፣ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ከሚመጣ እንግዳ የሚገኝ ገንዘብ ካለ፣ መሬት ያጣው ወጣት መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋበት ይሁን፤ አዲስ አበባ ላሉ አስጎብኚዎች ብቻ አይቅር። ሦስተኛ፣ ውሻው ይከተብ፣ ልጁም ይታከም፤ ሁለቱን በአንድ በጀት። ጦርነቱ ግን ሁሉንም ያዘገየዋል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ መንዝ ደርሶ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ጥይት በሚጮኽበት አገር ስለ ሣር የሚያወራ ሰው ቂል ይመስላል። ቢሆንም ገበሬው በሰላሙም በጦርነቱም ቤቱን የሚከድነው በዚሁ ሣር ነው።

አራተኛው ለኛ ነው፤ ለኔ፣ ለተማሪዬና ለመሰሎቻችን። «ባዶ መሬት» የሚለውን ቃል ከአፋችንም ከሪፖርታችንም እናውጣው። ያልታረሰ በሉት፣ የግጦሽ በሉት፣ የወል በሉት። ባዶ ግን አትበሉት። ባዶው እኛ የማናውቀው ነገር ነው እንጂ መሬቱ አይደለም።

ያን ቀን መሐል ሜዳ ስንደርስ አዛውንቱ ወረዱ። ተማሪዬ አውርዶ ሲሰናበታቸው «ይቅርታ አባባ፣ ቅድም ያልኩትን...» ብሎ ጀመረ። ሳቅ አሉና «ግዴለም ልጄ» አሉት። «አንተ መንገደኛ ነህ። መንገደኛ ሁሉ ባዶ ነው ይላል፤ ሜዳው ሲመሽበት ነው ማን እንዳለበት የሚያውቅ።»

ስንመለስ አመሻሽ ላይ እዚያው ሜዳ ደረስን። መኪናውን ዳር አቁሞ ሞተሩን አጠፋው። ለረጅም ጊዜ አላወራንም። እኔ ቀይ ቀበሮ አላየሁም፤ ዓይኔም ደክሟል። እሱ ግን «ያውና መምህር፣ ያውና!» ብሎ ጮኸ። ዞር ብዬ ወዳመለከተኝ ሳይ ሣሩ ሲወዛወዝ ብቻ ደረስኩ።